ሽንት ቤት ሲደፈን፦ ከለንደን ታሪክ የምንማረው

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ተደፈነ ሽንት ቤት ነው። «ዶክተር፣ ይሄ የቧንቧ ሠራተኛ ጉዳይ አይደለም እንዴ?» የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እ.ኤ.አ. በ1854 ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለንደን ውስጥ፣ ብሮድ ስትሪት በተባለ መንገድ ዳር በሚገኝ ቤት፣ አንዲት የመንፈቅ ዕድሜ እንኳ ያልሞላት ሕፃን ተቅማጥ ያዛት። እናቷ ማንኛዋም እናት የምታደርገውን አደረገች። የልጇን የሽንት ጨርቆች በውሃ ዘፈዘፈች፣ እጣቢውን ደግሞ በቤቱ ፊት ለፊት በኩል ባለው የፍሳሽ ጉድጓድ ደፋችው። ሕፃኗ በጥቂት ቀናት ውስጥ አረፈች።

ያ ጉድጓድ ፍሳሹ ወደ ዋናው ቦይ ሲሄድ እንዲያልፍበት የታሰበ ነበር። አሠራሩ የተበላሸ ስለነበር ግን ከማሳለፍ ይልቅ ያግድ ነበር። የታገደ ፍሳሽ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ መውጫ ይፈልጋል። በላሉት የግንቡ ጡቦች መካከል እየሰረገ ወደ አፈሩ ገባ። አንድ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ደግሞ የሰፈሩ ሰው የሚጠጣበት የፓምፕ ውሃ ጉድጓድ ነበር። በሽታው ኮሌራ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ።

በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞች ኮሌራ የሚመጣው ከመጥፎ ሽታ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ግን የሞቱት ሰዎች የት ይኖሩ እንደነበርና ከየት ይጠጡ እንደነበር ቤት ለቤት እየጠየቀ መዘገበ። መስከረም 8 ቀን የፓምፑ እጀታ እንዲነቀል አደረገ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ሰው ሰፈሩን ጥሎ ስለሸሸ ወረርሽኙ ያኔ መቀነስ ጀምሮ ነበር። የሕፃኗን ጉዳይ በኋላ ያገኘው መጀመሪያ ላይ ስኖውን ያላመነው የሰፈሩ ቄስ ሄንሪ ኋይትሄድ ነው። ከዚያም ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሲታይ የተበላሸው ግንብ ተገኘ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ «የሕፃን ሰገራ ምንም አያደርግም» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። የልጅ ሰገራ እንደ አዋቂ ሰገራ በሽታ ያስተላልፋል።

ለንደን ግን ወዲያው አልተማረችም። አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ የሰዓት ሠሪ ውሃ ይዞ ሽታን የሚያግድ ጠማማ ቱቦ ያለው ሽንት ቤት በ1775 አስመዝግቦ ነበር። እኛም ቤት ከመቀመጫው ሥር ያለው ጠማማ ቱቦ የዚያ ዘር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በውሃ የሚለቀቅ ሽንት ቤት ሲበዛ፣ ለዚያን ያህል ውሃ ያልተሠሩት የየቤቱ ጉድጓዶች ሞልተው ፈሰሱ። ፍሳሹም ብዙ ሰው ወደሚጠጣው የቴምስ ወንዝ ተለቀቀ። በ1858 በጋ ሽታው ፓርላማውን ሳይቀር ሥራ ስላስፈታ፣ ጆሴፍ ባዛልጄት የተባለው መሐንዲስ አዲስ የፍሳሽ መስመር እንዲሠራ ተወሰነ።

ባዛልጄት ከተጠቀመባቸው ቦዮች ብዙዎቹ የእንቁላል ቅርጽ ነበራቸው፤ ጠባቡ ጎን ወደ ታች ነው። ለምን? ውሃው ሲያንስ እንኳ በጠባቡ ቦታ ተሰብስቦ በፍጥነት እንዲሄድና ደረቁን ቆሻሻ ይዞት እንዲሄድ ነው። ኮሌራ በ1866 ሲመለስ ክፉኛ የተመታው ገና ከአዲሱ መስመር ጋር ያልተገናኘው የከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል ነበር።

የመደፈን ምስጢሩም ይኸው ነው፦ ቆሻሻን የሚወስደው ውሃ ነው። አሜሪካ ሆናችሁ ልጆች ይዛችሁ በአር ቪ መኪና የምትጓዙም ይህን አትርሱ። «ውሃ እንቆጥብ» ተብሎ በትንሽ ውሃ ከተለቀቀ፣ ወይም የታንኩ መክፈቻ ክፍት ሆኖ ከቆየ፣ ፈሳሹ ይወጣና ደረቁ ተከምሮ ይቀራል። መክፈቻውን ዝጉት፣ በቂ ውሃ ጨምሩበት፣ ታንኩ ሲሞላም በተፈቀደ ማስወገጃ ቦታ ብቻ ባዶ አድርጉት።

ሌላው ጠላት የምንጥለው ነገር ነው። በ2017 ለንደን ውስጥ ዋይትቻፕል በተባለ ሰፈር ሥር 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ክብደት ያለው ግግር ተገኘ። ውስጡ የምግብ ዘይት፣ ዋይፕስና ዳይፐር ነበር። ሠራተኞች አንሥተው ለመጨረስ ሳምንታት ፈጅቶባቸዋል።

ስለዚህ እቤት ውስጥ፦

✅ ዋይፕስ፣ ዳይፐር፣ ሞዴስና ያገለገለ ዘይት ሽንት ቤት ውስጥ አትጣሉ። ዋይፕስ እንደ ሶፍት በውሃ አይበታተንም።

✅ የልጅ ሰገራ ሽንት ቤት ይግባ፤ ዳይፐሩ ታስሮ ወደ ቆሻሻ ይሂድ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

✅ የሚጠጣ የጉድጓድ ውሃ ካላችሁ ከሽንት ቤትና ከሴፕቲክ ታንክ ብዙ ጊዜ የሚመከረው ርቀት ቢያንስ 30 ሜትር ነው።

❌ የተደፈነ ሽንት ቤት ለመክፈት በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

❌ ቱቦ መክፈቻ ኬሚካል በውሃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ልጅ ከጠጣው ጉሮሮውን ያቃጥላል። እንዳይሆን ሆኖ ከጠጣ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ቶሎ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፣ ዕቃውንም ይዛችሁ ሂዱ።

❌ ከሁሉም በላይ፣ ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ማንም ሰው አይግባ! ታንኩ ውስጥ የሚጠራቀመው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። መጠኑ ሲጨምር ግን የማሽተት ስሜትን ስለሚያጠፋ ሰው «ሽታው ጠፋ» ብሎ ይዘናጋል፤ በጥቂት ትንፋሽ ራሱን ሊስት ይችላል። አንዱ ሲወድቅ ሊያወጣው ተከትሎት የሚገባው ወንድሙም አብሮ ይሞታል። የወደቀ ሰው ካያችሁ ተከትላችሁ አትግቡ፤ መተንፈሻ መሣሪያ ያለውን የእሳትና አደጋ ሠራተኛ ጥሩ። ለማስመጠጥ ደግሞ የፍሳሽ ማንሻ መኪና አለ።

ቤት ውስጥ ድንገት ብዙ ውሃ የሚመስል ተቅማጥ ከታየ ኦ አር ኤስ እየሰጣችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የሚጠባ ሕፃን ከሆነ ጡት አታቋርጡ።

የብሮድ ስትሪቷ እናት ጥፋተኛ አልነበረችም፤ የነገራት ሰው አልነበረም። እናንተ ግን አሁን ታውቃላችሁ። ጉድጓድ ለማጽዳት ቀን ሠራተኛ ልትቀጥሩ ላሰባችሁ፣ ልጅ ላላችሁም ለጎረቤቶቻችሁ ሁሉ ንገሩልኝ።

ጤና ይብዛላችሁ!