ያለ ካሜራ የአንጀትን ቁስል የሚጠቁመው የሰገራ ምርመራ

ክሮንስ ወይም አልሰረቲቭ ኮላይተስ የተባሉት የአንጀት ብግነት በሽታዎች ያሉበት ሰው፣ ምንም ሕመም ሳይሰማው አንጀቱ ውስጥ ውስጡን ሊቆስል ይችላል። ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ ቁርጠትና ተቅማጥ ሳይለቀው ቁስሉ ግን ድኖ ይገኛል። በሕመምተኛው ስሜት ላይ ብቻ ተመሥርቶ መድኃኒት መጨመርም ሆነ መቀነስ ስህተት ላይ የሚጥለው ለዚህ ነው።

የተለመደው ማረጋገጫ ኮሎኖስኮፒ ሲሆን፣ ካሜራ የተገጠመለት ቀጭን ቱቦ በፊንጢጣ ገብቶ የትልቁን አንጀት ግድግዳ ያሳያል። በሽታው ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ነውና ሆድን በመድኃኒት እያጠቡ ይህን በየጥቂት ወሩ መደጋገም ለማንም አይመችም።

ይህን ክፍተት በመሙላት ረገድ ዋነኛውን ስፍራ የያዘው ካልፕሮቴክቲን የተባለው ፕሮቲን ነው። በብዛት የሚገኘው ኒውትሮፊል በሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ነው። አንጀት ሲቆጣ ሕዋሳቱ ወደ ቁስሉ ይጎርፋሉ፤ ፕሮቲኑም ከሰገራ ጋር ይወጣል። ቶሎ ስለማይበላሽ ናሙናውን ቤት ውስጥ አዘጋጅቶ ወደ ላቦራቶሪ መውሰድ ይቻላል።

በአንድ ግራም ሰገራ ከ50 ማይክሮግራም በታች የሆነ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጤናማ ይቆጠራል፤ ከ250 በላይ ሲሆን ብግነቱ እንዳገረሸ ያመለክታል። በመካከል ያለው አሻሚ ነው። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሕክምና ማኅበር እአአ በ2023 ለአልሰረቲቭ ኮላይተስ ባወጣው መመሪያ 150ን መለያ አድርጎ ወስዷል። ምልክት የሌለበት ሰው ውጤቱ ከዚህ ካነሰ ካሜራ ሳያስፈልገው ክትትሉን ሊቀጥል ይችላል። ቀላል ምልክት ኖሮት ውጤቱ ከፍ ካለ ግን መድኃኒት ከመቀየሩ በፊት አንጀቱ በካሜራ ቢታይ ይመረጣል።

ሲአርፒ የተባለው የደም ምርመራም አጋዥ ነው፤ ይሁንና አንጀታቸው እየቆሰለ ሲአርፒያቸው ከፍ የማይል ሕመምተኞች አሉ።

ሁለቱን ምርመራዎች ተከትሎ መድኃኒት ማስተካከል የሚያስገኘውን ጥቅም ካልም የተሰኘው ጥናት በ244 የክሮንስ ሕመምተኞች ላይ ፈትሿል። ከ48 ሳምንታት በኋላ በምርመራዎቹ ጭምር ከታከሙት 46 በመቶዎቹ፣ በሕመም ምልክት ብቻ ከታከሙት ደግሞ 30 በመቶዎቹ የአንጀት ቁስላቸው ድኖ ተገኝቷል።

ካልፕሮቴክቲን ብግነት መኖሩን እንጂ መንስኤውን አይናገርም። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችም ሆኑ የአንጀት ኢንፌክሽኖች ከፍ ያደርጉታል። ይህ በተለይ ከኢትዮጵያ ለሄዱ ሕመምተኞች ልብ ሊባል ይገባል። በእስራኤል የተደረጉ ጥናቶች በቤተ እስራኤላውያን ዘንድ በሽታው ከፍልሰት በኋላ ከቆይታ ጋር እየታየ መምጣቱን አሳይተዋል። በአንጻሩ በትውልድ አገር የተለመደው ቲቢ አንጀትን ሲያጠቃ ከክሮንስ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል፤ ፕሮቲኑም በሁለቱም ከፍ ይላል። የቲቢ ሕመምተኛ በክሮንስ ስም የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ቢሰጠው ኢንፌክሽኑ ሊስፋፋበት ይችላል። ስለዚህ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ሕመምተኛው የት እንደኖረና ቲቢ ከያዘው ሰው ጋር መቀራረቡን ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል፤ የመጀመሪያው የበሽታ ልየታም በካሜራና ከአንጀት በሚወሰድ ናሙና ይከናወናል።