የአልባኒያ ብጥብጥ (እ.ኤ.አ. 1997)

የአልባኒያ ብጥብጥ እ.ኤ.አ. በ1997 (በ1989 ዓ.ም.) በባልካን አገር በአልባኒያ የተነሣ ሕዝባዊ ዓመፅ ነው። መነሻው የሕዝቡን ቁጠባ የሰበሰቡ የግል ኩባንያዎች መክሰር ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መንግሥት ወደቀ፣ ጦር ሠራዊቱና ፖሊሱ ተበተኑ። እንደ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ግምት 2,000 ያህል ሰዎች ሞተዋል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ

አልባኒያ ከ40 ዓመት በላይ በኮሚኒስት ፓርቲ ስትገዛ ከውጭው ዓለም የተዘጋች አገር ነበረች። ሥርዓቱ ካበቃ በኋላ በ1992 ዴሞክራቲክ ፓርቲ ምርጫ አሸነፈ፤ የልብ ሐኪም የነበሩት ሳሊ ቤሪሻም ፕሬዚዳንት ሆኑ። የመንግሥት ባንኮች ደካማ ስለነበሩ ገንዘብ ያለውም ብድር የፈለገውም ወደ ግል ኩባንያዎች ዞረ። ከእነዚህ መካከል ቬፋ፣ ጃሊጻ፣ ሱዴ፣ ጃፈሪ እና ፖፑሊ ይገኙበታል።

ቬፋን የመሰሉት የራሳቸው ንግድ ነበራቸው፤ ሌሎቹ ግን ከተቀማጩ ገንዘብ በቀር ሀብት አልነበራቸውም። ለቀደመው አስቀማጭ የሚከፍሉት አዲሱ ካመጣው ነበር። ይህ አሠራር የፒራሚድ ዘዴ ይባላል። በ1996 መጨረሻ ጃፈሪ ገንዘብን በሦስት ወር ሦስት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ ቃል ገባ። ይህን ለአንድ ሰው ለመፈጸም ያንኑ ያህል የሚያስገቡ 2 አዳዲስ ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ ለ2ቱ 6፣ ለ6ቱ ደግሞ 18። አዲስ ገቢ ሰው ሲጠፋ ሁሉም ይፈርሳል።

ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛው ያህል በዘዴው ገብቶ ነበር። ብዙዎች ቤታቸውን፣ ገበሬዎችም ከብቶቻቸውን ሸጠው ገንዘቡን አስቀመጡ። የኩባንያዎቹ ዕዳ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት ግማሽ ሊሆን ጥቂት ቀረው። የገንዘብ ድርጅቱና የዓለም ባንክ ቢያስጠነቅቁም መንግሥት እርምጃ ለመውሰድ ዘገየ። አንዳንዶቹ ኩባንያዎች በ1996ቱ ምርጫ ለገዥው ፓርቲ የገንዘብ ድጋፍ ሰጥተው ስለነበር፣ ሕዝቡ ለኪሳራው መንግሥትን ተጠያቂ አደረገ።

የዓመቱ ዋና ዋና ክስተቶች

• ጃንዋሪ፦ ሱዴ ክፍያ አቆመ፤ መንግሥት የጃፈሪንና የፖፑሊን ሂሳብ አገደ። ተቃውሞ በየከተማው ተቀሰቀሰ።

• ፌብሩዋሪ፦ ጃሊጻ ከሰረ። ብዙ ደንበኞቹ በነበሩባት በደቡባዊቷ የወደብ ከተማ ቭሎራ ተቃውሞው ወደ ደም መፋሰስ ተለወጠ።

• ማርች፦ ጠቅላይ ሚኒስትር አሌክሳንደር ሜክሲ ሥልጣን ለቀቁ። በማግስቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ማርች 3 ምክር ቤቱ ቤሪሻን ዳግመኛ ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ። ይህ ቁጣውን አባባሰው። ወታደሮች ሰፈራቸውን ጥለው ሲሄዱ ሕዝቡ የጦር መሣሪያ መጋዘኖችን ሰብሮ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ መሣሪያ ወሰደ። ከሶሻሊስት ፓርቲ የመጡት ባሽኪም ፊኖ የእርቅ መንግሥት እንዲመሩ ተሾሙ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጀልባ ወደ ኢጣሊያ ሸሹ። ማርች 28 በኦትራንቶ ወሽመጥ አንዲት የስደተኞች ጀልባ ከኢጣሊያ የጦር መርከብ ጋር ተጋጭታ ስትሰጥም ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

• ኤፕሪል፦ በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ፈቃድ፣ በኢጣሊያ መሪነት 7,000 ያህል ወታደሮች ያሉት «ዘመቻ አልባ» የተባለ ኃይል እርዳታ እንዲዳረስ ለመጠበቅ ገባ።

• ጁን 29፦ ምርጫና ዘውዳዊ ሥርዓት ይመለስ ወይስ አይመለስ የሚል ሕዝበ ውሳኔ በአንድ ቀን ተደረጉ። ሶሻሊስቶች አሸነፉ፤ ከመራጮቹም ሁለት ሦስተኛው ያህል ሪፐብሊኩን ደገፈ።

• ጁላይ፦ ቤሪሻ ሥልጣን ለቀቁ። ሬጀፕ ሜይዳኒ ፕሬዚዳንት፣ በማርች ከእስር የወጡት ፋቶስ ናኖ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

• ሴፕቴምበር 5፦ በትውልድ አልባኒያዊት የነበሩት እማሆይ ቴሬዛ በሕንድ ካልካታ አረፉ።

ውጤት

አብዛኞቹ አስቀማጮች ገንዘባቸውን መልሰው አላገኙም። ከተዘረፈው መሣሪያ ከፊሉ ድንበር ተሻግሮ በጎረቤት ኮሶቮ ለታጣቂዎች ደረሰ፤ በዚያም በ1998 ጦርነት ተፋፋመ። በአልባኒያ ደግሞ በዚያው ዓመት አዲስ ሕገ መንግሥት በሕዝበ ውሳኔ ጸደቀ። የ1997ቱ ኪሳራ የቁጥጥር ጉድለት የአንድን አገር ቁጠባ ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ በመንግሥት ላይ ያለውን እምነት ጭምር እንዴት እንደሚያፈርስ በምጣኔ ሀብት ጥናት በምሳሌነት ይጠቀሳል።