ፈረቃው ከየት መጣ? የደቡብ አፍሪካ መብራትና የድንጋይ ከሰሉ

ስለ ደቡብ አፍሪካ የመብራት መጥፋት በተነሣ ቁጥር አንድ አባባል ይደጋገማል፤ “በአፓርታይድ ዘመን መብራት አይጠፋም ነበር፤ የጠፋው ለጥቁሩ ሕዝብ ሁሉ መስመር ሲቀጠልለት ነው” ይባላል። ይህን አንዳንድ ነጮች ቢናገሩት አይደንቀኝም፤ በጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና የሚነግዱ ወገኖቻችን ሲያስተጋቡት ስሰማ ግን የታሪኩን መዝገብ መግለጥ የሚያስፈልግ መሰለኝ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ያደገው ለማዕድን ሲባል ነው። በ1906 የተቋቋመው የቪክቶሪያ ፏፏቴና ትራንስቫል የኃይል ኩባንያ፣ ስሙ እንደሚመሰክረው፣ ከዛምቤዚ ወንዝ ፏፏቴ ኃይል ለማምጣት አስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ፏፏቴው ከወርቁ ምድር 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ የድንጋይ ከሰሉ ደግሞ እዚያው በጎረቤት፣ በዊትባንክ ዙሪያ፣ ብዙ ሳይቆፈር ይገኛል። ስለዚህ ኩባንያው የፏፏቴውን ስም እንደ ያዘ ከሰል ሲያነድድ ኖረ። ከሰሉን የሚያወጡት በዝቅተኛ ደመወዝ የተቀጠሩ ጥቁር ሠራተኞች ነበሩ፤ የኤሌክትሪኩ ርካሽነት ከመሬቱ ብቻ ሳይሆን ከእነርሱም ጉልበት የመጣ ነው። መንግሥት በ1923 ኤስኮምን መሠረተ፤ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር መሐንዲሱ ሄንድሪክ ቫን ደር ቤይል ሲሆን ድርጅቱ ያለ ትርፍና ያለ ኪሳራ እንዲሠራ በሕግ ታዘዘ። ኤስኮም ያንን የግል ኩባንያ በ1948 ጠቅልሎ ገዛው። ያ ዓመት ናሽናል ፓርቲ ሥልጣን የያዘበት ዓመት ነው።

መብራቱ የማን እንደ ነበረ ለማወቅ የኦርላንዶን ጣቢያ ማየት ይበቃል። በ1940ዎቹ ሥራ የጀመረው ይህ ማመንጫ የቆመው በዛሬዋ ሶዌቶ ውስጥ ነው፤ ኃይሉ ግን ይሄድ የነበረው ወደ ጆሃንስበርግ ከተማ ነበር። አመዱና ጢሱ ለጎረቤት፣ ብርሃኑ ለሩቅ! በማማዎቹ ጥላ ሥር የሚኖረው ሕዝብ በአብዛኛው እስከ 1980ዎቹ ድረስ በከሰል ምድጃ ያበስል፣ በሻማና በኩራዝ ያመሽ ነበር።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ኤስኮም እንደ ማትላ፣ ዱቭሃ፣ ሌታቦና ኬንዳል ያሉ፣ እያንዳንዳቸው ከ3,500 ሜጋ ዋት በላይ የሚያመነጩ ግዙፍ ጣቢያዎችን ሠራ። ኢኮኖሚው ግን እንደ ታሰበው አላደገም፤ ኃይሉ ተርፎ አሮጌ ጣቢያዎች ተዘግተው እንዲቀመጡ ተደረገ። ይህ ሁሉ ኃይል ተርፎ ሳለ በ1994 መብራት የነበረው ቤተሰብ 36 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። የአፓርታይድ መብራት የማይጠፋው እንግዲህ ከሕዝቡ አብዛኛው ስላልነበረው ነው።

አዲሱ መንግሥት እስከ 2000 ድረስ ለ2.5 ሚሊዮን ቤቶች መብራት ለማስገባት ቃል ገባ፤ ፈጸመውም። ይህ በእኔ እምነት በአህጉራችን ታሪክ ከታዩት ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው። ስሕተቱ ሌላ ቦታ ነበር። በ1998 የመንግሥቱ የራሱ የኃይል ፖሊሲ ሰነድ አዲስ ጣቢያ ካልተሠራ ትርፉ ኃይል በ2007 ገደማ እንደሚያልቅ በግልጽ አስጠነቀቀ። ካቢኔው ግን ማመንጫ የሚሠሩ የግል ባለሀብቶች እንዲመጡ ስለ ፈለገ ኤስኮምን ከግንባታ አገደ። ባለሀብቶቹ አልመጡም። ታሪፉ የተሰላው ዕዳቸው ተከፍሎ ባለቀ አሮጌ ጣቢያዎች ነበርና በዚያ ዋጋ ሸጦ የአዲስ ጣቢያ ወጪ የሚመልስ ነጋዴ ከየት ይምጣ? ውሳኔው የተቀለበሰው በ2004 ነው።

ለመሆኑ ኃይሉን የጨረሰው ድሃው ነውን? ከ2003 ጀምሮ ለድሃ ቤተሰብ በነጻ እንዲሰጥ የተወሰነው በወር 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በሌላ በኩል ኤስኮም በልዩ የረጅም ጊዜ ውል ኃይል ይሸጥላቸው ከነበሩት የአሉሚኒየም ፋብሪካዎች አንዱ፣ በማፑቶ አጠገብ ያለው ሞዛል፣ 900 ሜጋ ዋት ገደማ ይወስድ ነበር። ሂሳቡን እኔው ሠርቼዋለሁ፤ ይህ በወር ወደ 648 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ማለትም የ13 ሚሊዮን ቤቶች ነጻ ድርሻ። አዲስ ተጠቃሚው የነጻውን ሦስት እጥፍ ፈጅቷል ብንል እንኳ አንዱ ፋብሪካ ከ4 ሚሊዮን ቤቶች ጋር ይስተካከላል። እርግጥ ነው፣ ቤተሰብ ሁሉ ምድጃውን የሚለኩሰው ማታ በአንድ ሰዓት በመሆኑ በምሽት ጫናው ይከብዳል፤ ይህን አልክድም።

ትንቢቱ በሰዓቱ ደረሰ። ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ በታኅሣሥ 2007 ኤስኮም ትክክል እንደ ነበረና መንግሥት እንደ ተሳሳተ በይፋ አመኑ፤ በጥር 2008 ትልልቆቹ የወርቅና የፕላቲነም ማዕድናት ለቀናት ሥራ አቆሙ። ከዚያ በኋላ ጥድፊያ ሆነ። ሜዱፒና ኩሲሌ የሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው ወደ 4,800 ሜጋ ዋት የሚጠጉ የከሰል ጣቢያዎች ተጀመሩ። የማሞቂያዎቹን ሥራ ያገኘው የሂታቺ ቅርንጫፍ የገዥው ፓርቲ የንግድ ክንድ የሆነውን ቻንስለር ሃውስን ባለ 25 በመቶ ባለ አክሲዮን አድርጎት ነበር፤ በዚህ ጉዳይ በአሜሪካ የተከሰሰው ሂታቺ በ2015 ክሱን ሳያምንም ሳይክድም 19 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሜዱፒ ተጠናቀቀ የተባለው በሐምሌ 2021 ነበር፤ ከሳምንት ገደማ በኋላ አንዱ ጄነሬተር ፈነዳ።

2023 ከሁሉ የከፋው ዓመት ሆነ፤ ፈረቃ ያልነበረባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ ቢባል ከእውነት የራቀ አይደለም። አቅም ያለው በጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ተከለ። በመጋቢት 2024 መጨረሻ ፈረቃው ሲቆምና ከተማው እፎይ ሲል፣ ኤስኮም ትራንስፎርመሮችን ከጫና ለማዳን በሚል በሶዌቶና በመሰል ሰፈሮች ጠዋትና ማታ መብራት ማቋረጡን አላቆመም ነበር። ይህኛው መቋረጥ በፈረቃ ስም አይጠራም፤ በዜናው ቁጥር ውስጥም አልገባም።