አዲስ ነገር ከወዴት ይመጣል?

ወጣቶች ሆይ፤ ከእናንተ አንዱ በቅርቡ ወደ ቤቴ መጥቶ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ። «አባባ፥ ግጥም መጻፍ እወዳለሁ፤ ሕግ ግን አልወድም። ስለ ቤት መምታትና ስለ ልክ ሲነግሩኝ የመጣልኝ ሐሳብ ሁሉ ይጠፋብኛል። አዲስ ነገር ለመፍጠር የሚፈልግ ሰው ሕግ ምን ያደርግለታል?» ወዲያው የምመልስለት አጣሁ። ጥያቄው የእኔም ነበርና። እኔ መልሱን መፈለግ የጀመርሁት በአራዳ፥ ተጨብጭቦልኝ ሳለ አፍሬ ወደ ቤቴ በተመለስሁበት ምሽት ነው።

ያን ጊዜ ዕድሜዬ ሃያ አልሞላም ነበር። ከፒያሳ መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ወጣቶች እየተሰበሰቡ ግጥም ያነቡ ነበር። እኔም ዐሥራ ሁለት ስንኝ ይዤ ቀረብሁ። የእኔ ነው ብዬ አነበብሁት እንጂ፥ አራቱን ስንኝ ከአንድ መጽሐፍ፥ ሦስቱን ከሌላ መጽሐፍ ወስጄ፥ ቃሉን እዚህም እዚያም እየለወጥሁ የሰፋሁት ነበር። ጭብጨባው ደስ አሰኘኝ። ስወጣ ግን ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ አንድ ሽማግሌ በደጃፉ ቆመው ጠበቁኝና «ልጄ፥ ግጥምህ ለጆሮ ይጥማል፤ ስንት ቀን ቆጠርኸው?» አሉኝ። ገንዘብ እንጂ ግጥም የሚቆጠር መሆኑን አላውቅም ነበርና ዝም አልሁ። እሳቸውም ፊቴን አይተው «አልቆጠርኸውም» አሉና በዝግታ ወደ ጊዮርጊስ አቀኑ። ተቈጥተው ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩን ኋላ ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቄ ተረዳሁት። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ መንገዱን ከተቀበለ በኋላ፥ ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ብቻውን ተቀምጦ ቃል ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል። ይህ ቆጠራ ይባላል። ከዚያም የቆጠረውን በመምህሩ ፊት ይናገራል፤ መምህሩም ያርሙታል፤ ጠማማውን ያቃኑለታል፤ የማይረባውንም ይጥሉበታል። ቅኔው በግዕዝ ነው፤ ሰዋስዉ፥ ልኩና ቤቱ ሁሉ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ሲሆን መወድስ ስምንት ቤት አለው። ተማሪው ይህን ሊያስረዝም ወይም ሊያሳጥር አይፈቀድለትም። እንግዲህ ይህን የሚያህል ሕግ የተጫነበት ሰው ምን አዲስ ነገር ሊያመጣ ይችላል ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ከሁሉ የሚከብደው ሕግ ሌላ ነው፤ ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው። የሌላውን ቅኔ እንደ ራሱ አድርጎ ማቅረብማ ፈጽሞ አይነገርም። ስለዚህ በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ ሕግና አዲስነት ጠላቶች ሆነው አያውቁም፤ በአንድ ቤት ያደጉ ናቸው።

ቃሉንም ልብ በሉ። በበዓል ቀን በማኅሌት ቆሞ ቅኔ ማፍለቅ «ዘረፋ» ይባላል። ባለቅኔው ዘረፈ ይባላል። እኔም በዚያ ምሽት ዘርፌ ነበር፤ ሆኖም ሁለቱ ዘረፋዎች አንድ አይደሉም። ባለቅኔው የሚዘርፈው ከመጽሐፉ ታሪክ፥ ከአገሩ ወግና ከቋንቋው ግምጃ ቤት ነው፤ በዚያም ያሉት ሁሉ ምርኮው ከየት እንደ መጣ ያውቁለታል። ደስታቸውም ከዚህ የተነሣ ነው። ሰምና ወርቅ የሚለውም ከአንጥረኛ ሥራ የመጣ ነው። አንጥረኛው የጌጡን መልክ በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ስፍራ ወርቁ ይገባል። ሰሙን በጥንቃቄ ያልሠራ አንጥረኛ ወርቁን ያበላሻል።

አሁን ወደ አራዳ ልመለስ። ፒያሳ የሚለው ስም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማይቱን ይዞ የነበረው ጣልያን የተወልን ነው። ከዚያ በፊት አራዳ ሲባል በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የነበረው ታላቅ ገበያ ነበር፤ ጣልያንም ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወረው። በዚያ ገበያ የጎጃም ደብተራና የጎንደር ሠዓሊ፥ የግሪክና የአርመን ነጋዴ፥ የሕንድ ባለሱቅ ትከሻ ለትከሻ ይጋፉ ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ «አእምሮ» በ1890ዎቹ በዚህች ከተማ ሲወጣ አዘጋጁ ካቫዲያስ የሚባል ግሪካዊ ነበር፤ በመጀመሪያም ጋዜጣው በእጅ እየተጻፈ ይባዛ ነበር። ይህን የምነግራችሁ የአራዳ ጥበብ ከተለያየ አገር በመጣ እጅ የተሠራ መሆኑን እንድትረዱ ነው።

ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ ኋላ በጅሮንድ የተባሉት፥ በልጅነታቸው ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ወደ ሩስያ ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። በአውሮጳ ተውኔት አይተው ነበርና፥ በአገራቸው ለመኳንንት የሚቀርበው ጨዋታ ዘፈንና ቀልድ ብቻ መሆኑ አላረካቸውም። ስለዚህ በ1910ዎቹ መጀመሪያ «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ደረሱ፤ በቴራስ ሆቴልም ታየ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ይህ ነው። ለሥራው ከላ ፎንቴን ተረት ተነሥተዋል። ይህ ስርቆት ነውን? ላ ፎንቴን ራሱ ከኤዞፕ ወስዷል፤ የሩስያው ክሪሎቭም ከላ ፎንቴን ወስዷል። ተክለ ሐዋርያት አውሬዎቹን ተበድረው የአዲስ አበባን ሹማምንት ስንፍናና ጉቦ አናገሩባቸው። አበዳሪው ፈረንሳዊ ይሁን እንጂ ተሰዳቢው የራሳችን ሰው ነበርና ነገሩ አልተወደደም፤ በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ተውኔቱ ተከለከለ፤ የታተመውም መጽሐፍ ተሰበሰበ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ቅጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ይከለክለው ነበር?

ከእሳቸው በኋላ የመጡት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው፤ እኔም ከአራዳ ደራሲዎች ሁሉ አብልጬ የምወዳቸው እሳቸውን ነው። ዮፍታሔ በጎጃም ደብረ ኤልያስ ተወልደው ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። ወደ አዲስ አበባ መጥተው አስተማሪ ሆኑ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤትንም መሩ። ተውኔት የሚጽፉት በግጥም ነበር፤ ተጫዋቾቻቸውም ተማሪዎች ነበሩ፤ የሴቶቹንም ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። አስቡት! የሠለጠነ ተዋናይ የለም፤ ቴአትር ቤት የለም፤ ከዚያም በላይ ተመልካቹ ተውኔት ምን እንደ ሆነ ገና አላወቀም። ዮፍታሔ ይህን ሁሉ ጉድለት የሞሉት በቅኔ ቤት ባገኙት ትምህርት ይመስለኛል። ቃሉን ይለካሉ፤ በሰሙ ውስጥ ወርቁን ይሰውራሉ፤ ተመልካቹም የለመደውን የሰምና ወርቅ ዐይን ይዞ እንግዳውን ነገር ይመረምራል። «አፋጀሽኝ» በተባለው ተውኔታቸው ሰው ከሴቲቱ ጀርባ አገሩን ያይ ነበር።

የብሔራዊው መዝሙር ነገርም ሊረሳ አይገባውም። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የተዘመረው መዝሙር ቃሉ የዮፍታሔ ሲሆን፥ ዜማው የኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ኬቮርክ አርመናዊ ናቸው፤ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን ዐርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ጓድ ያሠለጠኑና የመሩ ሰው ናቸው። እንግዲህ ከደብረ ኤልያስ የመጣ ቃልና ከእልቂት ከተረፈ ሕዝብ የመጣ ዜማ እርስ በርሳቸው መለካካት ነበረባቸው። ከሁለቱ አንዱ «እኔ ሕግ አልወድም» ቢል ኖሮ መዝሙር ባልሆነ ነበር።

ዮፍታሔ በጠላት ዘመን ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ በስደትም ከብዕር አልተለዩም። ከነጻነት በኋላ ተመልሰው በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ።

የኢትዮጵያ ሀገር ፍቅር ማኅበር የተመሠረተው በሐምሌ ወር 1927 ዓ.ም. ነው፤ ዋና መሪውም አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ ነበሩ። የጣልያን ጦር ወሰን ሊጥስ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር። በንግግር፥ በግጥምና በዘፈን ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተነሣው ማኅበር ከነጻነት በኋላ በፒያሳ ቴአትር ቤት ሆነ። እዚያ የሠሩትን ሰዎች ነገር ስሰማ የሚገርመኝ ስለ ተሰጥዎ ጥቂት ማውራታቸው ነው። ኢዮኤል ዮሐንስ ለዚያ ቤት ብዙ ተውኔትና የዘፈን ግጥም ደርሰዋል፤ መጋረጃው የሚከፈትበት ቀን ስለ ተቆረጠ የደራሲው መንፈስ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። በዚያው ዘመን ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ የሆኑት አስናቀች ወርቁ ወደ መድረክ ሲወጡ፥ ሴት በመድረክ ስትታይ ምን ስም ይሰጣት እንደ ነበር ሽማግሌዎቻችሁን ጠይቁ። ክራራቸውን ይዘው ያንን ስም ሁሉ አሳለፉት።

ስለ ድርሰት ሥራ ራሱ ልብ ወለድ የጻፈው በዓሉ ግርማ ነው። በ1972 ዓ.ም. የታተመው «ደራሲው» የአንድን ደራሲ ኑሮና ጭንቀት የሚያሳይ ሲሆን፥ ብዙ ሰው በዋናው ባለታሪክ ውስጥ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን አይቷል። በዓሉ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ካሳተመ በኋላ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ከዚህ በላይ ስለ እሱ ለመጻፍ ብዕሬ አይታዘዘኝም።

ሠዓሊዎቹም ቢሆኑ ነገራቸው ከዚሁ ይገጥማል። የዐድዋን ጦርነት የሚያሳየውን የጥንት ሥዕል ሁላችሁም አይታችኋል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በሰማይ ሆኖ ይታያል፤ የኢትዮጵያ ሰው በሁለት ዐይኑ ሲመለከት፥ ጠላት ግን በጎኑ ተሥሎ አንድ ዐይን ብቻ ይታይለታል። ይህ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ሕግ ነው፤ ክፉ መንፈስ በጎኑ እንጂ በፊቱ አይሣልም። አላዋቂ ሰው «ሁሉም አንድ ነው» ይላል። ዐዋቂ ግን የፈረሱን አንገት፥ የጋሻውን ጌጥ፥ የወታደሩን ፊት እያየ የማን እጅ እንደ ሆነ ይለያል።

አለ ፈለገ ሰላም ከሠዓሊ ዘር ተወልደው፥ በቺካጎ ተምረው ተመልሰው፥ በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በዚያ ካስተማሩት አንዱ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነበር። አባቱ ብራና የሚጽፉና ሐረግ የሚሥሉ ሊቅ ሲሆኑ፥ ልጁ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምሮ መጣና መልክና ቅርጹ የማይታወቅ ሥዕል በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አሳየ። «ይህ የኢትዮጵያ ሥዕል አይደለም» ያሉት ብዙ ናቸው። እኔም በወጣትነቴ ካሉት ወገን ነበርሁ። ዛሬ ግን የብራናውን ሐረግ ስመለከት፥ መሥመርና ቀለም ብቻ ሆኖ፥ ሰውም እንስሳም ሳይሆን ዐይን የሚይዝ ነገር ነው፤ ልጁ ይህን በአባቱ እጅ ሲሠራ እያየ አድጎ ነበር። ገብረ ክርስቶስ በ1973 ዓ.ም. በስደት በአሜሪካ ሞተ።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ ሰፈሮች ሲፈርሱ፥ ያ ግጥም ያነበብሁበት አዳራሽም አብሮ ሄደ። እኔም በፍርስራሹ አጠገብ ቆሜ ያስታወስሁት ጭብጨባውን ሳይሆን ሽማግሌውን ነው።

ከዚያ ምሽት ጥቂት ሳምንት በኋላ በጊዮርጊስ በዓል አግኝቻቸው ነበርና። በማኅሌቱ ቆመው ጉባኤ ቃና አቀረቡ። በዙሪያቸው የነበሩት ዐዋቂዎች ወርቁ በገባቸው ጊዜ ፊታቸው አንድ ላይ በራ፤ እኔ ግን ግዕዙን በሚገባ ስለማላውቅ ሰሙን ብቻ ይዤ ቀረሁ። ሲወጡ ጠብቄ እጅ ነሣሁና «አባቴ፥ የዛሬውን ስንት ቀን ቆጠሩት?» አልኋቸው። ያወቁኝ አልመሰለኝም። «ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ እኮ ነው» አሉ። እንዲጽፉልኝ ብለምናቸው ሳቁና «እሱማ ተባለ» ብለው መቋሚያቸውን ተደግፈው ሄዱ።

ቤቴ ገብቼ ደብተሬን አወጣሁ። ከዐሥራ ሁለቱ ስንኝ የሰው የሆኑትን ሰባቱን ሰረዝሁ። የቀሩትን አምስቱን ደግሜ ደጋግሜ ባነብባቸው፥ ያለ እነዚያ የሚቆም አንድም ስንኝ አልነበረባቸውም። መብራቱን ሳላጠፋ ከአንደኛው ስንኝ ጀመርሁ።