ካላወቅክ «ሲ»ን አጥቁር

ሁለተኛ ደረጃ እያለን፣ ፈተና ክፍል ከመግባታችን በፊት የምንባባላት ምክር ነበረች፦ «ካላወቅክ ሲን አጥቁር!» እኔም ብዙ ሲ አጥቁሬያለሁ። አንዳንዱ ልክ ሆኖልኛል። ለምን ልክ እንደሆነ ግን የጠየቀኝ የለም።

አምና ለአንድ ትምህርት ቤት የፈተና ማረሚያ ሶፍትዌር ስሠራ ይቺ ምክር ትዝ አለችኝ። ኮዱ ጥቂት መስመር ነው፦ የተማሪው ፊደል ከቁልፉ ጋር ከገጠመ አንድ፣ ካልገጠመ ዜሮ። ይሄ ነገር ከየት መጣ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

እ.ኤ.አ. በ1905 ፓሪስ ውስጥ አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር የአእምሮ መመዘኛ አወጣ። የፈለገው ተጨማሪ እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ማወቅ ነበር፤ ፈታኙም ከልጁ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ይጠይቃል። ሐሳቡ አሜሪካ ሲሻገር መልኩ ተለወጠ። ካንሳስ ውስጥ ፍሬድሪክ ኬሊ በ1910ዎቹ አጋማሽ የምርጫ ጥያቄን ለንባብ ፈተና ተጠቀመበት፤ እርማቱ ፈጣን ነው፣ በአራሚው ስሜትም አይዛባም። አሜሪካ በ1917 ጦርነት ስትገባ ደግሞ ሠራዊቱ 1.7 ሚሊዮን ያህል ምልምሎችን በጅምላ ፈተነ። ለማገዝ የተወለደው መመዘኛ ወንፊት ሆነ። በ1930ዎቹ የእርሳስ ምልክት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ብቻ እርማቱ ለማሽን ተሰጠ።

እኛ አገር ሌላ ዓይነት ምዘና ነበር፤ አሁንም አለ። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ እዚያው ሰምተው የተሰበረውን ያቃኑለታል። ነገ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ማይክል ስክሪቨን በ1967 ለማሻሻል የሚደረገውን ምዘና ለመፍረድ ከሚደረገው ለይቶ ስም ሲያወጣለት፣ የኛ የኔታዎች ሥራውን ከያዙት ቆይተዋል።

በእርግጥ በመቶ ሺዎች የሚፈተኑበት አገር ላይ አንድ በአንድ መስማት አይቻልም። ግን የ12ኛ ክፍል ውጤት በጥር 2015 ዓ.ም. ሲወጣ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ስንቱ እንደወደቀ ይነግረናል፤ ምኑ ጋ እንደተሰበረ ግን አይነግረንም።

ስለዚህ ሶፍትዌሩ ላይ አንድ ገጽ ጨመርኩ፦ በየጥያቄው የትኛው የተሳሳተ መልስ በብዛት እንደተመረጠ የሚያሳይ። የሒሳብ መምህሯ አንዷን ጥያቄ ዝም ብላ አየቻት። የክፍሉ አብዛኛው ልጅ ክፍልፋይ ሲደምር ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምሮ ነበር።

«ይሄንንማ እኔ ነኝ ያላስረዳኋቸው» አለችኝ። ሰኞ እንደ አዲስ አስተማረችው።