ዕዳ ከሜዳ፦ የብሪታንያ የኪራይ ፎቅ ቤቶችና የኤሌክትሪክ ሒሳብ

በ1970ዎቹ ዓመታት አጋማሽ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በብሪታንያ ከተሞች፣ በማዘጋጃ ቤት ፎቅ ውስጥ በኪራይ የሚኖር ቤተሰብ የብርዱን ወራት የኤሌክትሪክ ሒሳብ የሚያውቀው ብርዱ ካለፈ በኋላ ነበር። ቆጣሪው የሚነበበው በየሦስት ወሩ ስለሆነ፣ የዘጠና ቀን ሙቀት ዋጋ ተጠራቅሞ በአንዲት ወረቀት ይመጣል። ቤቱ የጋዝ መስመር የለውም፤ የከሰል ምድጃም ሆነ የጢስ ማውጫ አልተሠራለትም። ክፍሉ የሚሞቀው፣ ወጡ የሚበስለው፣ የገላ መታጠቢያው ውሃ የሚፈላው በኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ወረቀቷ ስትከፈት የሚታየው አኀዝ ተከራዩ ከገመተው እጅግ የራቀ ይሆናል። የአማርኛ ተናጋሪ ዕዳ ከሜዳ የሚለው እንዲህ ያለውን ነው።

ተከራዩ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ቆጣሪውን ነበር። ቆጣሪው ተመርምሮ ትክክል ሆኖ ሲገኝ፣ ጥፋቱ ወደ ተከራዩ ይዞራል፤ ማሞቂያውን አያውቅበትም፣ መስኮት ከፍቶ ይተዋል፣ አባካኝ ነው ይባላል። ይሁን እንጂ የነገሩ ታሪክ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲመረመር፣ የዚያ ሒሳብ አብዛኛው ክፍል ተከራዩ ቁልፍ ከመረከቡ በፊት የተወሰነ እንደ ነበር ይታያል። ማሞቂያውን የመረጠው አንዱ ወገን፣ ግድግዳውን የሠራው ሌላው ወገን፣ ታሪፉን ያወጣው ሦስተኛው ወገን ነበር፤ ከፋዩ ግን ከሦስቱ አንዱ አልነበረም።

የከሰል ጢስና የሌሊቱ ኃይል

በዲሴምበር 1952 ለንደንን የሸፈነው የጢስ ጉም፣ በጊዜው በተደረገው ግምት ወደ 4,000 ሰዎች ገደለ፤ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን እስከ 12,000 አድርሰውታል። በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ሲወጣ የከተማ ቤቶች የከሰል ምድጃ ዘመን ማብቃት ጀመረ። በዚያው ዓመት የወጣው የቤቶች ድጎማ ሕግ ደግሞ ፎቁ ከፍ ባለ ቁጥር ለማዘጋጃ ቤቶች የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ ከፍ አደረገው። ከፍ ባለ ፎቅ ውስጥ ለየቤቱ የጢስ ማውጫ መሥራት ቦታም ገንዘብም ይፈጃል፤ ከሰል ወደ ላይ ማውጣትና አመድ ወደ ታች ማውረድም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ለሠሪው ወገን ከሽቦ የቀለለ ነገር አልነበረም።

የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቶችም በበኩላቸው ደንበኛ ይሹ ነበር። ከ1 ኤፕሪል 1948 ጀምሮ የኤሌክትሪክ አቅርቦት በመንግሥት እጅ ሲጠቃለል፣ መሐንዲሶቹ የወረሱት አንድ የቆየ ችግር ነበር። ማመንጫ የሚተከለው ፍላጎት በሚበረታበት የብርድ ምሽት እንዲበቃ ሆኖ ነው፤ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ግን ያ ሁሉ መኪና በከፊል ሥራ ፈቶ ያድራል። የሌሊቱን ኃይል በርካሽ ዋጋ ሸጦ ሸክሙን ማስተካከል ለማመንጫውም ለአገሩም ይጠቅማል ተባለ።

ለዚህ ዓላማ ተስማሚ ሆኖ የተገኘው ሙቀት አጠራቃሚ ማሞቂያ ነበር። በብረት ሣጥን ውስጥ የተደረደሩ ከባድ ጡቦች ሌሊቱን በኤሌክትሪክ ይግላሉ፤ ቀን ደግሞ ያን ሙቀት ቀስ በቀስ ይለቃሉ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ የምጣድ ሸክላ ግለቱን ይዞ እንደሚቆይ ማለት ነው። በሌሎች ፎቆች የማሞቂያው ሽቦ በወለሉ ኮንክሪት ውስጥ ተቀበረና ወለሉ ራሱ ሙቀት አጠራቃሚ ሆነ። ሐሳቡ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ እንከን አልነበረውም። ችግሩ ጡቡ የነገን አየር አለማወቁ ነው። ማታ የተጠራቀመው ሙቀት በማለዳ ፀሐይ ብትወጣም ይለቀቃል፤ ብርዱ ከበረታ ደግሞ ሰዎች ከሥራና ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ አመሻሹ ላይ ያልቃል።

በ1961 የወጣው የፓርከር ሞሪስ ሪፖርት፣ ከውጭ የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆንበት ጊዜ፣ የመኖሪያ ክፍሎች 18፣ ወጥ ቤትና መተላለፊያ 13 ዲግሪ ሊደርሱ ይገባል ሲል መከረ፤ ምክሩም በ1969 ለማዘጋጃ ቤት ቤቶች ግዴታ ሆነ። ለሠራተኛው ሕዝብ ትልቅ እርምጃ ነበር። ዳሩ ግን ደረጃው የተለካው በቴርሞሜትር እንጂ በተከራዩ ኪስ አልነበረም።

የሮናን ፖይንት አደጋ

በ16 ሜይ 1968 ከንጋቱ 11፡45 ሰዓት ገደማ፣ በምሥራቅ ለንደን በኒውሃም ወረዳ ሮናን ፖይንት በተባለው ባለ 22 ፎቅ ሕንፃ፣ በ18ኛው ፎቅ የምትኖር ተከራይ ሻይ ለማፍላት ክብሪት ጫረች። ከምድጃው ቱቦ መጋጠሚያ ሾልኮ የተጠራቀመው ጋዝ ፈነዳ። ፍንዳታው ራሱ ያን ያህል ከባድ ባይሆንም የውጭውን የኮንክሪት ገበታ ገፍቶ ጣለው፤ ከላይ ያሉት ድጋፍ አጥተው ወረዱ፤ ከታች ያሉትም ክብደቱን ሊሸከሙ አልቻሉም። የሕንፃው አንድ ማእዘን ከላይ እስከ ታች ተናደ። አራት ሰዎች ሞቱ፤ 17 ቆሰሉ። ሕንፃው ሰው ከገባበት ገና ሁለት ወር ገደማ መሆኑ ነበር።

መርማሪ ጉባኤው ዋናውን ጉድለት ያገኘው በሕንፃው አሠራር ነው፤ በፋብሪካ የተሠሩት ገበታዎች እርስ በርስ የተያያዙበት ስልት ደካማ ነበር። መንግሥት ለማዘጋጃ ቤቶች ባስተላለፈው መመሪያ፣ በዚህ ዓይነት ስልት የተሠሩ ከስድስት ፎቅ በላይ የሆኑ ሕንፃዎች እስኪጠናከሩ ድረስ የጋዝ መስመራቸው እንዲቋረጥ ጠየቀ። ሕይወት ለማዳን አስፈላጊ እርምጃ ነበርና ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ነገር ግን በብዙ ሕንፃዎች ጋዝ ተመልሶ አልገባም፤ ከዚያ በኋላ የተሠሩትም ብዙዎቹ ከመነሻቸው በኤሌክትሪክ ብቻ እንዲኖሩ ሆኑ። በመጋጠሚያ ጉድለት የተጀመረው ነገር በተከራዩ ቆጣሪ ላይ አረፈ።

የዋጋው መገልበጥ

ጋዝ ከፎቆቹ የወጣበት ጊዜ የመጥፎ አጋጣሚ ጊዜ ነበር። በ1965 በሰሜን ባሕር ከእንግሊዝ ጠረፍ ወዲያ የተፈጥሮ ጋዝ ተገኘ፤ በ1967 ወደ የብስ ደረሰ። በቀጣዮቹ አሥር ዓመታት የአገሩ የጋዝ ምድጃዎችና ማሞቂያዎች በየቤቱ እየተለወጡ በዚሁ ጋዝ እንዲሠሩ ተደረገ። ጋዝ ርካሽ የሙቀት ምንጭ ሊሆን በጀመረበት ዓመት፣ የፎቅ ነዋሪው ከጋዝ ተቆረጠ።

ኤሌክትሪክ በአንጻሩ ለማሞቂያነት በባሕርዩ ውድ ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው ኃይል የሚመነጨው ከከሰል ሲሆን፣ ከከሰሉ ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው ሲሶው ያህል ብቻ ነበር፤ የቀረው ከማመንጫው ማቀዝቀዣ ማማ ጋር ወደ ሰማይ ይሄዳል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት የዋጋ ንረትን ለመግታት ሲል የኤሌክትሪክን ዋጋ ይዞት ስለ ነበር፣ ይህ እውነት ከተከራዩ ተሰውሮ ቆየ። በኦክቶበር 1973 የነዳጅ ቀውስ ደረሰ፤ ቀጥሎም የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ክርክር ፋብሪካዎች በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ኃይል እንዲያገኙ እስከ ማድረግ አደረሰ። ከ1974 ጀምሮ መንግሥት በእጁ ያሉት ድርጅቶች ወጪያቸውን ከደንበኛ እንዲሸፍኑ ሲወስን፣ የተያዘው ዋጋ ተለቀቀ። ባለ ቤት የሆነ ሰው ማሞቂያውን ሊለውጥ ይችላል፤ የፎቅ ተከራይ ግን የወለሉን ኮንክሪት ቆፍሮ ሽቦ ሊያወጣ አይችልም።

የግድግዳው ሒሳብ

ለአብነት ያህል 40 ካሬ ሜትር የውጭ ግድግዳ ያለው መኖሪያ ይወሰድ። በ1965 የወጣው የእንግሊዝና የዌልስ የሕንፃ ደንብ፣ በውስጥና በውጭ መካከል ለሚኖረው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት፣ አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ እስከ 1.7 ዋት ሙቀት እንዲያሳልፍ ይፈቅድ ነበር። ውጭው ዜሮ፣ ውስጡ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ መስኮቱ ሳይቆጠር በግድግዳው ብቻ 1,360 ዋት ያለማቋረጥ ይወጣል፤ ይህም በቀን ከ32 ኪሎዋት ሰዓት ይበልጣል። 3.4 ኪሎዋት የሚስብ ትልቅ ሙቀት አጠራቃሚ በሰባት የሌሊት ሰዓቶች የሚይዘው ግን 23.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ አንዱ ማሞቂያ በሙሉ ኃይሉ ሠርቶ የግድግዳውን ብክነት እንኳ አይሸፍንም። በ1976 ደንቡ ወደ 1.0 ዋት ዝቅ ሲል ያው ብክነት 19 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሆናል፤ በ2021 ደንብ ከፍተኛው መጠን 0.26 ዋት ስለሆነ 5 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይሆናል። በነዚህ አኀዞች መካከል ያለው ልዩነት ከተከራዩ ጠባይ ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም።

ተከራዩ ሒሳቡን ፈርቶ ማሞቂያውን ሲያጠፋ ሌላ መዘዝ ይመጣል። ከትንፋሽ፣ ከድስትና ከልብስ የሚወጣው እንፋሎት በቀዘቀዘው ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል፤ ውሃውም ሻጋታ ያበቅላል። በግላስጎው ከተማ በጎርባልስ ሠፈር የተሠሩት የሀችሰንታውን ኢ ፎቆች በዚህ ምክንያት በነዋሪው ዘንድ «እርጥቦቹ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ወጣላቸው። ማዘጋጃ ቤቱ እርጥበቱ ከነዋሪዎቹ አኗኗር የመጣ ነው ብሎ ሲከራከር፣ ነዋሪዎቹ በ1975 የፀረ እርጥበት ዘመቻ አቋቁመው፣ በስብሰባና ኪራይ በመያዝ ጥፋቱ የሕንፃው መሆኑን ለማስረዳት ታገሉ። ፎቆቹ በ1987 ፈረሱ።

ታሪፍና ሰዓት

በ1978 በእንግሊዝና በዌልስ በሌሊት ለሰባት ሰዓት ቅናሽ የሚሰጠው «ኢኮኖሚ ሰባት» የተባለው ታሪፍ ወጣ። ቅናሹ ግን በነጻ አልተገኘም፤ የቀኑ ዋጋ ከተራው ታሪፍ ከፍ ያለ ነው። አጠራቃሚው አመሻሹ ላይ ሲበርድ ተከራዩ ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ ይሰካል፤ ያም በውዱ ዋጋ ይቆጠራል። የውሃው ቦይለርም እንደዚሁ ነው። 120 ሊትር ውሃ ከ10 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ ይህ ሌሊት ከሆነ ርካሽ፣ በቀትር ከሆነ ውድ ነው። ቀንና ሌሊትን የሚለየው የቆጣሪው ሰዓት ከተዛባ ደግሞ፣ ተከራዩ መመሪያውን በሚገባ ቢፈጽምም በውድ ዋጋ ሲከፍል ሊከርም ይችላል። ባለሙያው ሥርዓቱን በአንድ ገጽ ሊረዳው ይችል ይሆናል፤ አዲስ ገቢ ለሆነ ተከራይ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ገጽ እንኳ አልተሰጠውም።

መክፈል ያልቻለ መስመሩ ይቆረጥበት ነበር። ሕፃናትና አሮጌዎች ባሉበት ቤት በብርድ ወራት መብራት መቁረጥ ብዙ ተቃውሞ ስላስነሣ፣ በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የመቁረጡን አሠራር የሚገድብ ደንብ ወጣ። በኋላም አስቀድሞ የሚከፈልበት ቆጣሪ ተስፋፋ። የተቆረጡት ቤቶች ቁጥር በመዝገብ ላይ ቀነሰ፤ ሆኖም ሒሳብ መሙያ ያጣ ተከራይ በገዛ ቤቱ ራሱን በራሱ ቆራጭ ሆነ፤ ይህም በመዝገብ አይታይም።

ከጠባይ ወደ ሕንፃ

የክርክሩ መልክ የተለወጠው ቀስ በቀስ ነው። በምሥራቅ ግላስጎው በኢስትሆል ሠፈር፣ ተከራዮች ከመሐንዲሶችና ከአርክቴክቶች ጋር ሆነው የቤታቸውን ሁኔታ አስመረመሩ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያም 36 ቤቶች ግድግዳቸው ሙቀት ከልካይ ለብሶ፣ የፀሐይን ሙቀት እንዲጠቀሙ ሆነው ታደሱ። የማሞቂያው ወጪ ሲቀንስ፣ አባካኞች የተባሉት ሰዎች በዚያው አኗኗራቸው ቆጣቢዎች ሆነው ተገኙ።

በ1991 ብሬንዳ ቦርድማን የተባሉት ተመራማሪ በማገዶ ድህነት ላይ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቤቱን በአግባቡ ለማሞቅ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ማውጣት የሚገባውን ቤተሰብ በማገዶ ድሀ ብለው ገለጹ። በ2000 ሕግ ወጣ፤ በ2001 ይኸው መለኪያ በመንግሥት ዕቅድ ውስጥ ገባ፤ እንግሊዝ በ2013 በሌላ መለኪያ ተክታዋለች። ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝና በዌልስ በኃይል አጠቃቀም ደረጃው ከኢ በታች የሆነን የግል ቤት፣ ልዩ ፈቃድ ካልተገኘ በቀር፣ ለአዲስ ተከራይ ማከራየት ተከለከለ። በዚህ ሕግ ጥያቄው በግልጽ ወደ አከራዩ ዞረ።

አሮጌው ሥርዓት ግን ፈጽሞ አልጠፋም። አንዳንድ ሙቀት አጠራቃሚዎችን በሬዲዮ ሞገድ ሲያበራና ሲያጠፋ የኖረው አገልግሎት ከ30 ጁን 2025 ጀምሮ በየአካባቢው እንዲዘጋ መደረጉ፣ በ1960ዎቹ የተወሰነ ውሳኔ ከስድሳ ዓመት በኋላም በሰው ቤት ውስጥ እንደሚኖር ያሳያል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ በክፉ ሐሳብ የሠራ ወገን ማግኘት ያስቸግራል። ጢሱን ያስቀረው ሕግ አውጪ፣ የሌሊቱን ኃይል የሸጠው መሐንዲስ፣ ጋዙን ያስቆረጠው መንግሥት፣ ርካሹን ግድግዳ የመረጠው ማዘጋጃ ቤት፣ እያንዳንዱ በየራሱ በቂ ምክንያት ነበረው። የጐደለው፣ እነዚህ ምክንያቶች በአንድ ቤት ውስጥ ሲደመሩ ከፋዩ በወር ስንት እንደሚደርስበት የሚያሰላ ሰው ነበር። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ ከላይ እንደ ታየው የግድግዳውን ስፋት፣ አንድ ካሬ ሜትር ለእያንዳንዱ ዲግሪ የሚያሳልፈውን ሙቀት፣ የሙቀቱን ልዩነትና የቀኑን ሰዓት ማባዛት ብቻ ነው። ፕላን የሚያነሣ፣ ማሞቂያ የሚመርጥ ወይም ታሪፍ የሚያጠና ባለሙያ ይህን ስሌት ሥራው በወረቀት ላይ ሳለ ቢሠራው፣ ተከራዩ በየሩብ ዓመቱ ከሜዳ ዕዳ አይቆየውም ነበር።