ፋብሪካው ሲሮጥ ጥራት ለምን ወደ ኋላ ይቀራል?

በቶዮታ ፋብሪካዎች ከመገጣጠሚያው መስመር በላይ የተዘረጋ ገመድ አለ። ስህተት ያየ ሠራተኛ ገመዱን ይስባል፤ ችግሩ ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ቀጥ ይላል። ታዲያ እንዲህ የሚጠነቀቅ ኩባንያ እንዴት ተሳሳተ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶዮታ በፍጥነት አድጎ እ.ኤ.አ. በ2008 በሽያጭ ጀነራል ሞተርስን በለጠ። በጃንዋሪ 2010 ግን በአሜሪካ ብቻ 2.3 ሚሊዮን መኪኖችን ለጥገና መልሶ ጠራ። ምክንያቱ? የነዳጅ መስጫው ፔዳል ከተረገጠ በኋላ ላይመለስ ይችላል። መኪና እየነዳችሁ ይህ ሲደርስባችሁ አስቡት!

ልብ በሉ፦ ገመዱ የሚያስቆመው በመስመሩ ላይ የሚታይን ስህተት ነው። ፔዳሉ ግን ሲገጠም ደህና ነበር፤ ችግር ያመጣው ቆይቶ፣ ሲበላና እርጥበት ሲይዘው ነው። እንዲህ ያለው ጉድለት የሚያዘው በዲዛይንና በሙከራ ወቅት ነው፤ ያ ደግሞ ጊዜና የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል። ክፍሉ በብዙ ሞዴሎች ላይ ስለተገጠመም አንዱ ስህተት በሚሊዮን ተባዛ።

በፌብሩዋሪ 2010 የኩባንያው ፕሬዚዳንት አኪዮ ቶዮዳ አሜሪካ ምክር ቤት ቀርበው፣ እድገታቸው ሰዎቻቸውን ከሚያበቁበት ፍጥነት በላይ እንደሄደ አመኑ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄው አይደል?

እናንተም አንድ ፋብሪካ «ምርቴን እጥፍ አደረግኩ» ሲል ብትሰሙ፣ «ፈታሾቹስ?» ብላችሁ ጠይቁ።